መግል ያለበት፣ ጀርም የሌለበት የእርግዝና ሽፍታ

በእርግዝና ወራት የሚወጣ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ እናትንም ፅንስንም ስለማይጎዳ፣ ሐኪሙም ታካሚዋም በማሳከክ ማስታገሻ ቅባት ቢያልፉት አያስደንቅም። ኢምፔቲጎ ሄርፔቲፎርሚስ የተባለው ሕመም ግን እንዲህ አይታለፍም። የቪየናው ሐኪም ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ በ1872 እ.ኤ.አ. ከገለጻቸው አምስት ነፍሰ ጡሮች አራቱ ሞተዋል። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ሶርያሲስ የተባለው፣ ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ ሥር የሰደደ ሕመም መግል የሚቋጥር ዓይነት አድርገው ይቆጥሩታል።

ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ብሽሽት፣ ብብትና ከጡት ሥር ያለው ቆዳ ይቀላል፤ በቅላቱ ጠርዝ ላይም ጥቃቅን መግል የቋጠሩ ነጠብጣቦች ተሰባስበው ይወጣሉ፤ መካከሉ እየደረቀና እየተላጠ ሲሄድ ጠርዙ ወደ ውጭ ይሰፋል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስና ተቅማጥም ሊከተሉ ይችላሉ።

መግልና ትኩሳትን አንድ ላይ ያየ ሐኪም ኢንፌክሽን ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ቢያዝ አልፈርድበትም፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ጨምረው ስለሚገኙ የደም ምርመራው ራሱ ግምቱን የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን ካልፈነዳ ቋጠሮ የተወሰደው መግል ተመርምሮ ባክቴሪያ ካልተገኘበት፣ በእኔ እምነት ተገቢው እርምጃ አንቲባዮቲኩን በሌላ መለወጥ ሳይሆን ከቆዳው ናሙና መውሰድ ነው። ናሙናው በላይኛው የቆዳ ክፍል ውስጥ ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ ሕዋሳት ተከማችተው ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ብቻውን ግን መድኃኒት ከሚያስከትለው ተመሳሳይ ሽፍታ ሁልጊዜ አይለየውምና፣ ታካሚዋ በቅርቡ የወሰደቻቸውን መድኃኒቶች፣ ቀደም ሲል ሶርያሲስ እንደነበረባትና ያለፉት እርግዝናዎቿ እንዴት እንደነበሩ በጥሞና መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ እንዳይዘነጋ የምፈልገው የካልሲየም መጠን ነው። ካልሲየም በዚህ ሕመም ሊያሽቆለቁል፣ ጡንቻን ሊያኮማትር፣ አልፎም ሰውነትን ሊያንፈራግጥ ይችላል፤ በደም ውስጥ ካልሲየምን የሚሸከመው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲንም አብሮ ስለሚቀንስ ጠቅላላውን የካልሲየም ቁጥር ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል።

ለሕክምናው የቆየው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ነው፤ ቶሎ ከተቀነሰ ሽፍታው ስለሚያገረሽ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። አጥጋቢ ውጤት ካልተገኘ ሳይክሎስፖሪን ወይም እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያሉ የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት የሚያረግቡ መድኃኒቶች ይታሰባሉ፤ ለተለመደው ሶርያሲስ የሚሰጡት ሜቶትሬክሴትና አሲትሬቲን ግን ፅንሱን ስለሚጎዱ አይሰጡም። የእንግዴ ልጁ ሥራ ሊዳከምና ፅንሱ በማኅፀን ሊሞት ስለሚችል፣ የቆዳው መሻሻል የፅንሱን ክትትል አያስቀርም፤ የመውለጃውንም ጊዜ የቆዳና የማኅፀን ሐኪሞች አብረው ቢወስኑ ይመረጣል።

ከወሊድ በኋላ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ሆኖም በሚቀጥለው እርግዝና ቀደም ብሎና በርትቶ ሊመለስ፣ በሆርሞን የእርግዝና መከላከያም ሊቀሰቀስ ስለሚችል፣ እናቲቱ ከሆስፒታል ስትወጣ የሕመሙ ስምና የተሰጣት ሕክምና በጽሑፍ ሊሰጣት ይገባል።