ባክቴሪያውን የገደልኩት ራሴ ነበርኩ

ባቄላዬ ሊያብብ ሲል ሦስት እግር ጎትቼ ነቀልኩና አፈሩን አራገፍኩ። ሥሩ ላይ ምስር የሚያካክሉ እባጮች አገኛለሁ ብዬ ነበር። ያገኘሁት ጥቂት፣ ያውም የክብሪት ራስ የማያክሉ ናቸው። አንዱን በጥፍሬ ከፈልኩት፤ ውስጡ ነጭ። ሕያው ማዳበሪያውን፣ ማለትም ባክቴሪያ ያለበትን ዱቄት፣ በዘሩ ላይ ለውሼ የዘራሁት እኔው ነኝና ዕቃው አይረባም ብዬ ደመደምኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያው ስል ከረምኩ። ያፈርኩት በዓመቱ ነው።

እባጩን የሚሠራው ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ነው። ጥራጥሬ ሥር ውስጥ ይገባና ተክሉ እንዳለ ሊጠቀምበት የማይችለውን የአየር ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ይለውጥለታል፤ ተክሉ ደግሞ በቅጠሉ ካበጀው ስኳር ያካፍለዋል። ሥራ ላይ ያለ እባጭ ሲከፈት ውስጡ ሮዝ ወይም ደም መሳይ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ሌግሄሞግሎቢን ከሚባል፣ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዝምድና ካለው ፕሮቲን ነው። ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም ወይም ሥራ ፈት ነው፤ ወደ አረንጓዴ ካደላ አርጅቷል። ይህ ሁሉ የትናንት ግኝት አይደለም። ቤየሪንክ የተባለው የኔዘርላንድ ተመራማሪ ባክቴሪያውን ከእባጩ ለይቶ ያሳደገው እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሆን፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ኖበና ሂልትነር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ለገበሬ የሚሸጥ ዝግጅት አድርገው የፈጠራ መብት አውጥተውበታል። ከመቶ ዓመት በላይ የተፈተነን ነገር ነው እንግዲህ እኔ በአንድ ወቅት «አይረባም» ያልኩት።

ያደረግኩትን አንድ በአንድ ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ፓኬቱን ለሳምንታት ያስቀመጥኩት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ላይ ነበር። ራይዞቢየም ደግሞ ክፉ ቀን የሚያልፍበት ስፖር አይሠራም፤ ሙቀትና ድርቀት በቀላሉ ይጨርሰዋል። ዘሩ ሮዝ ቀለም የተቀባ፣ ማለትም በጸረ-ፈንገስ የታሸ ነበር፤ ከሙቀቱ የተረፈችውን ደግሞ እሱ ገደላት። ይህም አልበቃኝ ብሎ «ለማንኛውም» ብዬ ዩሪያ ጨመርኩ። ናይትሮጅን አፈሩ ውስጥ ሞልቶ ያገኘ ባቄላ ስኳሩን እየከፈለ ባክቴሪያ የሚቀልብበት ምን ምክንያት አለው? በሩን ይዘጋበታል። ዩሪያው ከሁሉም ያናድደኛል፤ ሌላው ባለማወቅ የተደረገ ነው፣ ይህኛው ግን አለማመን ነው።

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ የፓኬቱን ጀርባ አነበብኩ። ሁሉም ባክቴሪያ ለሁሉም ጥራጥሬ አይሆንም። ከባቄላ፣ ከአተርና ከምስር ጋር የሚስማማው አንድ ዓይነት ነው፤ ሽምብራ የራሱን ይፈልጋል፣ አኩሪ አተርም የራሱን። ያልታሸ ዘር ያዝኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላ ውስጥ ሸራ ዘርግቼ፣ ስኳር የበጠበጥኩበትን ውኃ ዘሩን እስኪያረጥበው ብቻ ረጨሁበት። ዱቄቱን እየነሰነስኩ ሳገላብጠው እያንዳንዱ ፍሬ ስስ ጥቁር ሽፋን ለበሰ። ውኃ ካበዛህ ዱቄቱ እንደ ጭቃ ተጠራቅሞ ሸራው ላይ ይቀራል፤ ካሳነስክ ደግሞ ገና ስታነሳው ይራገፋል። ትንሽ ጠፈፍ እስኪል ጠብቄ እርጥብ አፈር ላይ ዘራሁና ወዲያው አለበስኩት።

ሁለት መስመር ባክቴሪያ ሳልጨምር ተውኩ። እነሱን ግን አስቀድሜ ነው የዘራሁት፤ ዱቄት በነካው እጄ ብዘራቸው ኖሮ ማወዳደሪያነታቸው በከንቱ ይቀር ነበር።

ማበቢያው ሲደርስ እንዳምናው አልጎተትኩም። ሲጎተት እባጩ ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ያን ጊዜ «የለም» ካልኩት ውስጥ ስንቱ እዚያው ቀርቶ እንደነበር እንጃ። ዙሪያውን በአካፋ ቆፍሬ ከነአፈሩ አነሳሁና ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። አፈሩ ሲሟሟ ከዋናው ሥር አናት ላይ ተሰብስበው የተጣበቁ እባጮች ብቅ አሉ። በቢላዋ ሰነጠቅኩት፤ ሮዝ! ቢላዋው ላይ የቀረችውን ጠብታ ለተወሰነ ጊዜ ቆሜ አየኋት። ያልተለወሱት መስመሮች ቅጠላቸው ገርጥቷል፤ እባጭ ቢኖራቸውም በቀጫጭን ሥሮች ጫፍ ላይ ተበታትኖ ነው።

ታዲያ ሌላው ማሳዬ ላይ፣ ባቄላ በየጊዜው ሲዘራበት የኖረው ላይ፣ በተለወሰውና ባልተለወሰው መካከል ልዩነት አላየሁም። የሚስማማው ባክቴሪያ ቀድሞውኑ አፈሩ ውስጥ በብዛት ካለ አዲስ መጨመር እንግዳ በሞላበት ቤት ሌላ እንግዳ መጥራት ነው። እዚያ ላይ አሁን አልደክምም።

በዚህ ልቤ ሞልቶ ወደ ቲማቲም ችግኝ ዞርኩ። ችግሬ ችግኙ በበቀለ በሳምንቱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት አንገቱ እየቀጠነ መውደቁ ነበር፤ ይህን የሚያመጡት አፈር ውስጥ ያሉ ፈንገሶችና መሰሎቻቸው ናቸው። ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለውን ባክቴሪያ ገዛሁ። ይኼኛው ስፖር ስለሚሠራ እንደ ራይዞቢየም አያስቸግርም፣ ደርቆ ይቆያል። ሥሩን ቀድሞ ይይዛል፣ የፈንገስን ገለፈት የሚበሱ ውሁዶች ያመነጫል፣ የተክሉንም መከላከያ ያነቃቃል። እኔ ግን ያፈሰስኩት ግማሹ መደብ ከወደቀ በኋላ ነው። አንድም ችግኝ አልተነሳም። ዘበኛ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም። በቀጣዩ ዙር ከዘሩ ጋር ሰጠሁት፣ መደቡንም ከፍ አድርጌ ውኃውን ቀነስኩ፤ መውደቁ በጣም ቀነሰ። ምስጋናው የማን ነው ብትሉኝ ግማሹ የውኃው ይመስለኛል። ችግኝ የሚጥሉት በሽታዎች የተኛ ውኃ ይወዳሉ፣ እኔም ጠዋትና ማታ ሳጠጣቸው ነበር የከረምኩት። ሌላም ነገር፦ መዳብ ያለበትን መድኃኒት በረጨሁበት መርጫ ሳላጥብ ባክቴሪያ አልሞላም። መዳብ ክፉውንና ደጉን ባክቴሪያ አይለይም።

ለጥቅል ጎመን ትል የሚሆነውን ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ረጭቼ ጀመርኩ፤ የፀሐይ ጨረር ያመክነዋል። ከዚያ ማምሻውን፣ ትሉ ገና የሩዝ ፍሬ ሳያክል፣ ቅጠሉን ከሥር ወደ ላይ እየረጨሁ ደገምኩት። ባክቴሪያው በመንካት አይገድልም፤ ትሉ ሊበላው ይገባል። ይዞት የሚመጣው ፕሮቲን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) በሆነው የትሉ አንጀት ውስጥ ሟሙቶ ግድግዳውን ይበሳል። በማግስቱ ስሄድ ትሎቹ በሕይወት አሉ! ጠንካራውን መርዝ ላመጣ ስነሳ ቅጠሉን አስተዋልኩ፦ አዲስ ቀዳዳ የለም፣ ትኩስ ኩስም የለም። መብላት አቁመዋል። በሦስተኛው ቀን ጠቁረው ተንጠልጥለው አገኘኋቸው። አሁን ትሉን ሳይሆን ቅጠሉን ነው የማየው። ትል ሳላይ ግን አልረጭም፤ የጎመን የእሳት ራት ይህን ባክቴሪያ ማሳ ላይ በመልመድ ከነፍሳት ሁሉ የቀደመች ናት፣ አለ አግባብ ማዘውተር እሷን ማስተማር ነው።

ባቄላው ላይ ሁለቱን ባዶ መስመሮች ዛሬም በየወቅቱ እተዋለሁ። ገርጥተው ሲቆሙ ያየ ሁሉ «ማዳበሪያ አልቆብህ ነው?» ይለኛል። መልስ አልሰጥም። አንድ እግር ከዚህ፣ አንድ እግር ከዚያ ቆፍሬ ባልዲው ውስጥ እነክርና ቢላዋውን አቀብለዋለሁ።