«ማንም» ነው የሚለው፣ ቲቸር

ትዝ ባለኝ ቁጥር አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ገና አዲስ መምህር ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ስሙ የጠፋ ነው። የደረሰኝ ክፍል ደግሞ ስሙን ካጠፉት አንዱ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የሒሳብ መምህር ሸኝቷል። ስታፍ ውስጥ ሴክሽኑን በፊደሉ የሚጠራው ሰው አልነበረም። «እነዚያ» ነው የሚባሉት። «ዛሬ ከእነዚያ ጋር ነህ?» ይሉኛል፣ ከንፈር እየመጠጡ።

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው። ሰቃይ ሰቃይ ተማሪዎች የሞሉበት ክፍል ቢሰጠኝ ማን ያየኛል? እነዚያን ቀጥ ካደረግኩ ግን በሁለት ዓመት ዲፓርትመንት ሄድ፣ በአምስት ዓመት ምክትል፣ ከዚያ በኋላ ያለውንም አስቤ ጨርሻለሁ። ፊርማዬን ሁሉ አሳጥሬው ነበር። አለቃ ብዙ ወረቀት ይፈርማል ብዬ።

በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ሕግ ለጠፍኩ። በወፍራም ማርከር፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። ሕግ 1ን መጀመሪያ ስጽፈው «ደወል ከተደወለ በኋላ ማንም ተማሪ አይገባም» ነበር የሚለው። ራቅ ብዬ ሳየው ለስለስ አለብኝ። ወረቀቱን ቀድጄ «ተማሪ» የምትለዋን አወጣኋትና እንደገና ጻፍኩት። «ማንም አይገባም።» ይኼኛው ክብደት አለው። ሕግ 6 «ምክንያት ማቅረብ ክልክል ነው» ይላል። የቀሩትን ተዉት፣ ሳስታውሳቸውም ያሳፍሩኛል።

«እኔ እዚህ ለመወደድ አልመጣሁም» አልኳቸው። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ስታፍ ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጡ አንድ አንጋፋ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ጡረታቸው ደርሷል። ብዙ አያወሩም። በዚያው ሳምንት ከእርማታቸው ቀና ሳይሉ «በሩን ትዘጋዋለህ አሉ» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ደወሉ እንዳበቃ።»

«መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው?»

«ከውስጥ ነው።»

«አሃ» አሉና ቀጣዩን ወረቀት ገለጡ። ሰውዬው ደክመዋል ብዬ አዘንኩላቸው።

ሕጉ ሠራ። ይኼን መካድ አልፈልግም። በሦስተኛው ሳምንት ደወሉ ሲደወል ከነዚያ ክፍል ድምፅ አይሰማም ነበር። በየቀኑ አራት አምስት ልጅ ውጭ ይቀራል። «ቀሪ» ብዬ እመዘግባለሁ፣ በቃ። የት እንደሚሄዱ አልጠየቅኩም። ፎርፈው በአጥር ሾልከዋል ብዬ ነው የማስበው። አጥሩ ቀዳዳ እንዳለው የማያውቅ አልነበረም።

ታዲያ አንድ ጠዋት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ከክፍሌ በፊት አሥር ደቂቃ አለኝ። ገባሁ። ወንበር ሰጡኝ። ለእኔ ቢጤ አዲስ መምህር ወንበር አይሰጡም ነበር።

«ያንተን ምርጥ ተሞክሮ ለሌሎቹ መምህራን ብታካፍል» አሉኝ። ርዕሱንም አስበውታል፤ «ሰዓት የማክበር ባህል»። አጠር ያለ ጽሑፍ ላዘጋጅ፣ እሳቸው መግቢያውን ይናገራሉ። የበላይ አካል ሊመጣ ይችላል። ስለኔ ብዙ ነገር ተናገሩ። ደወሉ ተደወለ። ሰማሁት። ተነሣሁ። «አንድ ደቂቃ» አሉ። መልሼ ተቀመጥኩ። ሰው ሲያሞግስ ማቋረጥ ነውር ነው አይደል? ስለ ሰዓት አክባሪነቴ እያወራን አራት ደቂቃ አለፈ።

ኮሪደሩን በሩጫ አልኩት። በሩ ተዘግቷል። ገፋሁት። ተቀርቅሯል።

አንኳኳሁ። ዝም።

«ክፈቱ!»

የክፍል አለቃው ድምፅ መጣ። ረጋ ያለ፣ ጨዋ ድምፅ። ቢያፌዝብኝ ይሻለኝ ነበር። «ቲቸር፣ ደወሉ ተደውሏል።»

«አውቃለሁ። ክፈት።»

እግሩ ወደ ግድግዳው ሲሄድ ይሰማኛል። ቆመ። ተመለሰ። «ሕግ 1። ደወል ከተደወለ በኋላ ማንም አይገባም።»

«እሱ ለተማሪ ነው!»

«‹ማንም› ነው የሚለው፣ ቲቸር።»

እዚህ ላይ ከውስጥ አንድ ሰው ሳቁን በአፍንጫው ሲያፍን ሰማሁ። እኔም መበሳጨት ጀመርኩ። «ስማ፣ ምክትሉ ጋ ነበርኩ! እሳቸው ናቸው ያቆዩኝ!»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ እያዘነልኝ በሚመስል ድምፅ፦ «ሕግ 6፣ ቲቸር።»

በሩን በእርግጫ ልለው እግሬን አንሥቼ ነበር። «ቲቸር፣ በዚህ በኩል ይምጡ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ከክፍሉ ሁለተኛ መስኮት ሥር፣ አራት ልጆች ተቀምጠዋል። «ቀሪ» ብዬ የመዘገብኳቸው ልጆች። የመስኮቱ መስታወት ከረገፈ ቆይቷል፤ ብረቱ ብቻ ነው የቀረው። አንዷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። «ከዚህ ጥሩ ይሰማል። እዚያ ጋ ግን ያስተጋባል።»

ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? ቢሮ ሄጄ «ተማሪዎቼ ዘጉብኝ» ልበል? ያውም ከዚያ ሁሉ ሙገሳ በኋላ?

ውስጥ ትምህርት ተጀምሯል። አንድ ልጅ ወጥቶ የኔን ቦታ ይዟል። አላየሁትም፣ ድምፁን ነው የሰማሁት። ድምፁ ደግሞ የኔ ነው። ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። እኔ ለካ ሁለቴ እጠርጋለሁ። «እኔ እዚህ ለመወደድ አልመጣሁም» አለ። ክፍሉ አልሳቀም። ሕግ 4 መሳቅ ይከለክላል።

ከዚያ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ውስጥ ገባ። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ኤክስ ሲደመር አንድ እኩል ነው ዜሮ። ያለፈው ፔሬድ ያቆምኩበት ምሳሌ ነው። «ዲስክሪሚናንቱ ስንት ነው? ማን ይመልሳል? ማንም? እሺ፣ እኔው ልንገራችሁ፣ ነጌቲቭ ሦስት!» ይኼን ሁሉ ያለ ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ለቀቀው። አጠገቤ ያሉት አራቱም አጎነበሱ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው? እንደዚያ ነው የማደርገው። ከጊዜ በኋላ ሳነብ ይኼ በሽታ የኔ ብቻ እንዳልሆነ ደረስኩበት። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የክፍል ውስጥ ቅጂዎችን ይዛ ጊዜውን ለክታዋለች። መምህር ጥያቄ ጠይቆ በአማካይ የሚጠብቀው አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። እስከ ሦስት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲጠብቅ የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ይጀምራሉ። ሦስት ሰከንድ እኮ ነው። ግን ያን ቀን መስኮት ሥር ተቀምጬ የገባኝ ነገር ቢኖር ልጁ የኔን አንድ ሰከንድ እንኳን እንዳበዛት ነው።

«ከዜሮ ያነሰ ስለሆነ መልስ የለውም» አለ አስመሳዩ።

«ሪል መልስ» አለች አጠገቤ ያለችው ልጅ በሹክሹክታ። «‹ሪል› ማለት ረሳ።»

እኔም ያንኑ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁትና ደብተሯን ጠየቅኳት። ማመንታቷን አየሁ። ግን ሰጠችኝ።

የሦስት ሳምንት ትምህርት ሙሉውን አለ። ቀኑ፣ ርዕሱ፣ ምሳሌዎቹ። ውስጥ ካሉት ልጆች የብዙዎቹ ደብተር እንደዚህ አይደለም፤ አርሜ አውቀዋለሁ። ግን በየመሐሉ ክፍት የተተወ መስመር አለ። አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ አራት አምስት። በእያንዳንዱ ክፍት መስመር መጀመሪያ ላይ በትንሹ፣ በእርሳስ፣ አንድ ቃል ተጽፏል። «ዞረ»።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እ... ወደ ሰሌዳው ሲዞሩ አይሰማም፣ ቲቸር። በኋላ ከጓደኞቼ እሞላዋለሁ።»

ሲዞሩ አለችኝ። ደብተሯ ላይ ግን ዞረ ነው። ገለጥኩ። ዞረ። ዞረ። ዞረ። አንዱን ገጽ ቆጠርኩት፣ አሥራ አንድ ጊዜ። እኔ ግማሹን ትምህርት የማስተምረው ሰሌዳውን ነበር ማለት ነው።

«ለምንድን ነው በየቀኑ የምትዘገዪው?» አልኳት። ነገር ለማስቀየስ መሆኑን አልደብቅም።

«ታናሽ ወንድሜን አድርሼ ነው የምመጣው። የነሱ በር የሚከፈተው እኛ ጋ ደወል ሲደወል ነው።»

«ታዲያ ለምን...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ሕግ 6ን በራሴ ላይ ከሰማሁ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላኝም።

የፔሬዱ ማብቂያ ሲደወል መቀርቀሪያው ተከፈተ። ልጆቹ በሰልፍ ወጡ። አንዱም አላየኝም። ሕግ 9። የክፍል አለቃው ብቻ ቆም ብሎ ስም መጥሪያውን አቀበለኝ። እኔን ራሴን መጨረሻው መስመር ላይ ጨምሮኛል። «ቀሪ»።

ትልቅ ትምህርት ወስዶ ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ባዶው ክፍል ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ማርከሬን አወጣሁና ከ«ማንም» ቀጥሎ፣ ከመስመሩ በላይ፣ «ተማሪ» ብዬ ጨመርኩ።

ስታፍ ስገባ የፊዚክሱ መምህር ወሬው ደርሷቸዋል። ምንም አላሉም። እንደተቀመጥኩ ግን እጃቸውን ሰድደው የጠረጴዛዬን መሳቢያ ዘጉልኝ፣ ቀስ ብለው፣ ቀጭ እስኪል ድረስ።

ምክትሉን በተመለከተ፣ የዚያ ሴሚስተር የሥራ አፈጻጸሜ ላይ «ሰዓት አክባሪነቱ መሻሻል ይገባዋል» የሚል በእጃቸው የተጻፈ አስተያየት አለ። ከነፊርማው። ፊርማቸው አጭር ናት። በአንድ ስብሰባ ላይ ደግሞ፣ የበላይ አካል በተገኘበት፣ «በትምህርት ቤታችን ተማሪ መር የመማር ማስተማር ዘዴ ጀምረናል፣ መምህሩ ውጭ ሆኖ ይከታተላል» ብለው አቀረቡት። ተጨበጨበላቸው። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ዲፓርትመንት ሄድነቱ ለሌላ ሰው ሆነ።

ስለ ክፍል አያያዝ የተጻፈ ነገር ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፣ ለንዴት ማብረጃ። ጃኮብ ኩኒን የሚባል ተመራማሪ ክፍሎችን በቪዲዮ እየቀረጸ አጥንቶ በ1970 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳትሟል። ክፍል መያዝ የሚችለውን መምህር ከማይችለው የሚለየው ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ የሚወስደው እርምጃ ሆኖ አላገኘውም። ልዩነቱ ከጥፋቱ በፊት ነው፤ በተለይ መምህሩ በጀርባውም ዓይን እንዳለው ተማሪዎቹ ሲያምኑ። ዘጠኙንም ሕጎቼን በአእምሮዬ አለፍኳቸው። ሁሉም ከጥፋት በኋላ ላለው ነበሩ። ጀርባዬ ደግሞ ያለው በደብተር ተመዝግቦ ነው።

ሦስት ሰከንዱን ሞከርኩት። ጠይቄ በልቤ እቆጥራለሁ። በሳምንቱ ደረሱበትና በኅብረት «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ ይቆጥሩልኝ ጀመር። ከዚያ ግን አንድ ሰው ይመልሳል። ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ይመልሳል።

በሩን? እዘጋዋለሁ። አሁንም እዘጋለሁ። ደወሉ ከተደወለ አሥር ደቂቃ በኋላ ነው የምዘጋው። ለማንም ግን ይኼን አዋጅ ብዬ አልተናገርኩም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ያው ነው፣ ከነጭማሪዋ። ልጅቷ በስድስተኛው ደቂቃ ላይ ትገባና ከፊት ትቀመጣለች።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ደብተር ስሰበስብ የሷን ለመጨረሻ አቆየሁት። ክፍት መስመር ቀንሷል። አልጠፋም። በአንድ ገጽ ላይ ሦስት፣ በሌላው ሁለት። በየመጀመሪያቸው ላይ ያቺው ትንሽ የእርሳስ ጽሑፍ አለች። እንደማየው አውቃለች መሰለኝ፣ በላጲስ አጥፍታ አስተካክላዋለች።

«ዞሩ»።