አልነካሁትም

ቪዥዋል ኤዲተሩን (ታጉን ደብቆ ጽሑፉን ብቻ እያሳየ የሚያሳርመውን ፕሮግራም) ሲኤምኤሱ ውስጥ፣ ማለትም የማኑዋሎቻችን ፋይሎች የሚቀመጡበት ሲስተም ውስጥ፣ ለማስገባት 6 ሳምንት ፈጀብን። መግቢያውን አንድ ማድረግ፣ የፋይል መቆለፊያውን ማስማማት፣ ስኬማውን (የፋይሉን አወቃቀር የሚወስነውን ሕግ) መጫን፣ ይሄ ሁሉ እንደሚጠበቀው ሄደ። ዴሞው ላይ አንድም ታግ፣ የጽሑፉን ክፍሎች የሚለይ ምልክት፣ ስክሪኑ ላይ አልታየም። አንቀጽ፣ ሠንጠረዥ፣ ደመቅ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በቃ። ከሥሩ ኤክስኤምኤል፣ ጽሑፍን በታግ እየለየ የሚይዝ አጻጻፍ፣ እንዳለ ማንም አይጠረጥርም። ተጨበጨበ፣ አለቃችንም ደስ አለው።

በሳምንቱ ጋሼ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

ጋሼ የጥገና ማኑዋሎቹ አራሚ ናቸው። ኤዲተሩ ከመምጣቱ በፊት ኤክስኤምኤሉን በጥሬው፣ ታግ በታግ እያዩ ነበር የሚያርሙት። የአንድን ፋይል ሁለት ቨርዥን አነጻጽረው፣ ውጤቱን ፕሪንት አድርገው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይኼን ፋይል ትናንት ከፈትኩት። አነበብኩት። ሴቭ ብዬ ዘጋሁት። አንድ ፊደል አልነካሁም።»

«እሺ ጋሼ።»

«ታዲያ 47 ቦታ ለውጠሃል ይለኛል። በስሜ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ከላይ ያሉት ለውጦች የመስመር አሰባበርና የአትሪቢዩት (ታጉ ላይ የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) ቅደም ተከተል ነበሩ። በኤክስኤምኤል የአትሪቢዩት ቅደም ተከተል ትርጉም የለውም። የትኛውም ቢቀድም ያው ነው።

«ይሄ ችግር የለውም ጋሼ። ኤዲተሩ መልሶ ሲጽፈው አደራደሩን ይቀያይረዋል እንጂ ይዘቱ ያው ነው።»

«ይዘቱ ያው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «47ቱንም አንብበኸዋል?»

አላነበብኩትም። አምስት ስድስቱን አይቼ የቀረውም እንደዚያው ነው ብዬ ነበር።

«ቴክኒካል ነገር ነው፣ አይጨነቁ» አልኳቸው።

ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ። ለአንድ አራሚ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። ከፋይሉ ታሪክ ላይ የእሳቸው ስም ካለ፣ ያን ቦታ አይተው፣ አስበው፣ ተስማምተውበታል ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚተማመነው በዚያ ነው። እኛ ግን ያላዩትን ለውጥ በስማቸው አስፈረምናቸው።

ጋሼ ቲኬት (የችግር ማመልከቻ) ከፈቱ። አለቃዬ በዚያው ቀን ዘጋው። ምክንያት በሚለው ቦታ «የተጠቃሚ ስህተት» ብሎ ሞላ። ምንም ካልቀየሩ ለምን ሴቭ ያደርጋሉ፣ ነው ነገሩ። አየሁት፤ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ዝምታ ነው።

ጋሼ ግን አልተውትም። 47ቱን ቦታ አንድ በአንድ፣ በእስክሪብቶ እያሰመሩ አዩ። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡና ምንም ሳይሉ ወረቀቱን ኪቦርዴ ላይ አስቀመጡት። አንድ ቦታ በቀይ ተከቧል።

የነበረው፦ «ብሎኑን በዙር 1 5 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።»

የሆነው፦ «ብሎኑን በዙር 15 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።»

ሆዴ ባር ባር አለ። በመጀመሪያው ዙር 5 ኒውተን ሜትር መጥበቅ ያለበት ብሎን 15 ሆኗል። ሦስት እጥፍ። ማኑዋሉን ይዞ የሚሠራ ባለሙያ የሚያየው 15ን ብቻ ነው። ያቺ ክፍተት እዚያ እንደነበረች የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

1ም 5ም በየራሳቸው ታግ ውስጥ ናቸው። አንዱ የዙር ቁጥር ነው፣ ሌላው መጠን። በመካከላቸው ያለው አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ያን ባዶ ቦታ ማን በላው?

ኤዲተሩ ኤክስኤምኤሉን እንዳለ አያሳይም። በኤክስኤስኤልቲ፣ ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ ቅርጽ በሚቀይር ቋንቋ፣ ወደ ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ አጻጻፍ) ይቀየርና ብራውዘሩ ውስጥ ይታረማል። ሴቭ ሲባል ተመልሶ ኤክስኤምኤል ይሆናል። የድሮ ፋይሎቻችን ለንባብ እንዲመቹ ገባ ገባ ተደርገው የተጻፉ ስለነበሩ፣ በታጎቹ መሃል ብዙ ባዶ ቦታ አለ። ያ ባዶ ቦታ ኤዲተሩ ውስጥ ክፍተት እየሆነ ከርሰሩ ይወድቅበት ነበር። ለዴሞው አያምርም። ስለዚህ በመሄጃው ስታይልሺት፣ ወደ ኤችቲኤምኤል በሚቀይረው የኤክስኤስኤልቲ ፋይል፣ ላይ አንድ መስመር ተጨመረች፦ «ስትሪፕ ስፔስ»፣ ከፊቷ ኮከብ። ኮከቡ «የሁሉም ኤለመንት» ማለት ነው፤ ኤለመንት የሚባለው ታግ ከነውስጡ ነው። በታጎች መሃል ከባዶ ቦታ በቀር ሌላ ከሌለ፣ ይጣል።

መስመሯን የጻፍኳት እኔ ነኝ።

በክፍልና በዝርዝር ደረጃ ትእዛዟ ትክክል ናት። እዚያ ባዶ ቦታው ለዓይን እንጂ ለትርጉም አይደለም። አንቀጽ ውስጥ ግን ጽሑፍና ታግ ይቀላቀላሉ፤ በሁለት ታግ መሃል ያለው ባዶ ቦታ የጽሑፉ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኤክስኤምኤል 1.0 ስታንዳርድ ራሱ ፓርሰሩን (ኤክስኤምኤሉን የሚያነበውን ክፍል) ታግ ያልሆነውን ፊደል ሁሉ፣ ባዶ ቦታም ቢሆን፣ ለፕሮግራሙ አስረክብ ይለዋል። ፓርሰሩ አስረክቦናል። የጣልነው እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። ኮከቧን አጥፍቼ፣ በውስጣቸው ጽሑፍ መግባት የማይችልባቸውን ኤለመንቶች ከስኬማው እያየሁ በስም ዘረዘርኳቸው። በዚያ ሳምንት በኤዲተሩ ያለፉትን ፋይሎች ሁሉ ከቀድሞው ቨርዥን ጋር አስተያየን። እንደዚያ የተጋጠሙ ሌሎች ቃላትም አገኘን፤ «ክዳኑንአይክፈቱ» አንዱ ነበር። ማኑዋሎቹ ገና አልታተሙም ነበር። ሳይታተሙ መያዙ የጋሼ ሥራ ነው፣ የኛ አይደለም።

ከዚያም መጀመሪያ መጻፍ የነበረበትን ቴስት ጻፍኩ። ፋይሉን በኤዲተሩ ክፈት፣ ምንም አትንካ፣ ሴቭ አድርግ፣ ከመጀመሪያው ጋር ባይት በባይት አስተያይ። መጀመሪያ ባስኬድኩት ቀን ሁሉም ፋይል ወደቀ። አብዛኛው ያው የአትሪቢዩት ቅደም ተከተልና የመስመር አሰባበር ነው። ግን የማይጎዳው ለውጥ ሲበዛ የሚጎዳው ከውስጡ ይደበቃል፤ 15ም የተደበቀው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ፋይሎቹን በሙሉ አንድ ጊዜ ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ ቀየርናቸው። ያን ለውጥ ያስመዘገብነው በሲስተሙ አካውንት ነው። በማንም ሰው ስም አይደለም። በዚህ ላይ ድርቅ አልኩ።

ጋሼን ጠርቼ ያንኑ ፋይል ከፈትኩላቸው። አነበቡት። ሴቭ አሉት። ዘግተው ታሪኩን አዩ፤ አዲስ መስመር የለም። እንደገና ከፍተው ሴቭ አሉት። አሁንም የለም። በሦስተኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያን ቀን 'አይጨነቁ' ስትለኝ» አሉኝ፣ «ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌላ ስንት ቦታ ስሜ ገብቶ ይሆን እያልኩ።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ትከሻዬን ነካ አድርገው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የቲኬቱን ምክንያት እንዲያስተካክለው አለቃዬን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። የተዘጋ ነገር መልሶ መክፈት ሪፖርቱን ያበላሻል አለኝ። ስለዚህ እስካሁን «የተጠቃሚ ስህተት» ይላል። ከሥሩ አስተያየት መጻፍ ግን ማንም አልከለከለኝም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ስህተቱ የስታይልሺቱ ነው፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ጋሼ አልነኩትም።»