ውሃ ለሁለት በሚከፈልበት ጋራ ላይ

በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ መንገደኛ ሁሉ ጉዞውን ለመስከረም በሚያቆይበት ጊዜ፣ ብቻዬን መኪና ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሸዋ ተራሮች ወጣሁ፤ ዘጠኝ ቀን ቆይቼም ተመለስኩ። ለምን በጋውን እንዳልጠበቅሁ እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ አሉ። መልሱ ከእንጀራዬ ጋር የተያያዘ ነው።

በአንድ የመንገድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ በመሐንዲስነት 13 ዓመት ሠርቼ ነበር። የእኔ ድርሻ የውሃ ማፋሰሻ ነው፤ የመንገድ ዳር ቦይ ምን ያህል ይስፋ፣ ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ቱቦ፣ ከልቨርቱ፣ የት ላይ ይቀመጥ የሚለውን፣ የዝናቡን መጠንና የተፋሰሱን ስፋት እያሰላሁ እወስንና በሥዕሉ ግርጌ እፈርማለሁ። የመስክ ጉብኝት የሚደረገው ግን መኪና በቀላሉ በሚገባበት በበጋ ስለነበር፣ ከፈረምኩባቸው ከልቨርቶች በአንዱ እንኳ ውሃ ሲያልፍ አይቼ አላውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ታላቄ ጡረታ ወጣ። በማግስቱ ሥዕሎቹን በካርቶን እያደረግን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ስናወርድ፣ ካርቶኑን እንደታቀፍኩ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ሁለት ሰዎች በግማሽ ቀን ተሸክመው የሚጨርሱት ሆኖ ታየኝ፤ የእኔም ከዚያ አይበልጥም። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ሥራዬ ለማን ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ቢሮም፣ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም ተከተለኝ። ባለቤቴ ሁለት ወር በትዕግሥት ስትሰማኝ ቆይታ አንድ ማታ፣ «እንግዲያው ሂድና ውሃውን እየው» አለችኝ።

መኪናው የአክስቴ ባል አሮጌ ላንድክሩዘር ነበር። እሳቸው የደሴን መስመር በጭነት መኪና ለብዙ ዓመታት የነዱ ሰው በመሆናቸው፣ ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ግማሽ ቀን አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ፍሬኑን አስፈተሹ፤ ሁለት ጎማ አስለወጡ፤ የዝናብ መጥረጊያውን ላስቲክ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይኼ ለነሐሴ አይሆንም» አሉና አዲስ አስገዙኝ። ስኮርታ፣ ክሪክ፣ አካፋ፣ ገመድና የመስታወቱን እንፋሎት የምጠርግበት ደረቅ ጨርቅ አስጫኑኝ። ከዚያ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ እንዳትገኝ። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ወንዝ ሞልቶ ካገኘኸው ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ ወንዝ ይጎድላል።»

ለዚህ ጉዞ የተቀበልኩት ምክር ይኸው ነው፤ ሌላም አላስፈለገኝም። በደጋ ምድር በክረምት ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ገለጥ ይላል፤ ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ደመናው እየተከመረ ይሄድና ከቀትር በኋላ ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም፤ ስለዚህ መኪናውን መያዝ ያለበት ሞተሩ ነው። ስለ ወንዙ የተናገሩትን ግን ትርጉሙን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ነሐሴ 4 ቀን በሰንዳፋና በሸኖ አድርጌ፣ ጫጫን አልፌ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ። የፍልሰታ ጾም ስለነበር በሸኖ የመንገድ ዳር የቅቤ ገበያው ጭር ብሎ ነበር። ደብረ ብርሃን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው የቆረቆሯት ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ብርዷና ነፋሷ አጥንት ይሰብራል። እዚያ አንድ ሌሊት ብቻ አደርኩና በማግስቱ ወደ አንኮበር ወጣሁ።

ትልቁን ነገር አንኮበር ላይ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ናት፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእንግሊዝን መልእክተኞች የተቀበሉባት፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የተቀመጡባት። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው፣ ሰማዩ በጠራ ቀን፣ ሲራራ ነጋዴዎች ከባሕር ጠረፍ ዕቃ ጭነው ይመጡባት ከነበረችው ከአልዩ አምባ አልፎ እስከ አፋር ቆላ ድረስ ይታየዋል። እኔ ግን ሁለት ቀን ተቀምጬ ያየሁት ጉም ብቻ ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ይህን ያህል መንገድ የመጣሁት ለዚህ ነው ወይ አልኩ። ተራራውን ዕዳ እንዳለበት ሰው እያስጨነቅሁት እንደነበር የገባኝ በሁለተኛው ቀን ነው፤ አሻግሬ ማየት ባልቻልኩ ጊዜ ዓይኔን ወደ እግሬ ሥር መለስኩ። ወደ ኮረብታው በሚወጣው የእግር መንገድ ላይ የአካባቢው ሰዎች በየተወሰነ ርቀት ድንጋይ አግድም ደርድረዋል። ቁልቁል የሚሮጠው ጎርፍ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ይዘገይና ወደ ጎን ወደ ሣሩ ይወጣል፤ ከሥር ያለው መንገድ ሳይቦረቦር ይቀራል። ያንን አይቼ በዝናብ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። እኔ በሠንጠረዥ የማሰላው ነገር ነው፤ ማንም ሳይፈርምበት በቦታው ይሠራ ነበር።

ነሐሴ 7 ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ መንዝ ለመግባት የደሴን መንገድ ያዝኩና ወደ ጣርማ በር ወጣሁ። ስለዚህ ጋራ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ የውሃ ነገር ለሚያሳስበው ሰው በአገራችን እንደዚህ ያለ ቦታ ጥቂት ነው። ከጋራው በስተምዕራብ የወረደ ዝናብ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይገባና ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ባሕር ይደርሳል። በስተምሥራቅ የወረደው በሮቢና በመሰል ወንዞች አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ሐይቆች ውስጥ ይቀራል። ጎን ለጎን የወረዱ ሁለት ጠብታዎች ዳግመኛ አይገናኙም። ይህን በካርታ ላይ በቀይ እርሳስ ስንት ጊዜ አስምሬዋለሁ! በዚያ ጠዋት ግን መስመሩ ላይ ቆሜ ጃኬቴ በዝናብ ይርስ ነበር።

ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ጣሊያኖች በ1920ዎቹ መጨረሻ ያስፈለፈሉት፣ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ዋሻ አለ። ወደ ዋሻው አፍ ስቃረብ ጉሙ ስለወፈረ የራሴ መኪና አፍንጫ እንኳ አልታይ አለኝ። ከፊቴ አንድ የጭነት መኪና በእግር ፍጥነት ይሄድ ነበር፤ ረዳቱ ወርዶ ነጭ ጨርቅ እያውለበለበ ከመኪናው ፊት ፊት ይራመዳል፤ ሾፌሩ መንገዱን ሳይሆን ጨርቁን እያየ ይነዳል። እኔም የእሱን የኋላ መብራት ተከተልኩ። ገለጥ ሲልልን ረዳቱ ወደ እኔ መጥቶ በመስኮቱ፣ «ጋሼ፣ ወደ መንዝ ከሆኑ ከዋሻው በፊት በግራ ነው የሚታጠፉት፤ እኛን እንዳይከተሉን» አለኝ። ከራሱ እስከ እግሩ ርሷል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ካልነገረኝ ኖሮ ደብረ ሲና እገባ ነበር።

ያኔ ወደ መሐል ሜዳ ይወስድ የነበረው የጠጠር መንገድ መዘዞን ካለፈ በኋላ በአምባው ላይ ይዘልቅ ነበር። ጉም ውስጥ የጅራፍ ድምፅ ይሰማል፤ ቡሄ ስለተቃረበ እረኞቹ ይለማመዳሉ፤ ድምፁ ከተሰማ ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጁና በጎቹ ከጉሙ ብቅ ይላሉ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ መንገዱ መሐል ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተጎዝጉዞ ድንጋይ ተደርድሮ አየሁ፤ ይህ በአገራችን «አትለፍ» ማለት ነው። ፍሬን ይዤ ወረድኩ። ባና የደረቡና በላዩ ላስቲክ የከነበሉ አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ ጠርዝ በታች፣ ከልቨርቱ አፍ ላይ፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው በዶማ ይቆፍራሉ።

«እንደምን አረፈዱ አባቴ? ማለፍ አይቻልም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አትለፍ ልጄ፤ ከሥሩ ተበልቷል።»

«የመንገድ ሠራተኛ ነዎት?»

«የለም፤ ቤቴ ያችውና።»

«ታዲያ ማን አዘዘዎት?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ውሃ መች ትእዛዝ ይጠብቃል። መንገዱ ከተቆረጠ ምጥ የያዛት በምን ትወጣለች? ይኼ መንገድ ሳይኖር በቃሬዛ ነበር የምናወጣ።»

አካፋዬን ከመኪናው አውርጄ፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ቱቦው 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ እኔ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ዓይነት ነው። በስሌት ያንን ውሃ ያለ ችግር ይሸከማል። ነገር ግን አፉ ላይ ድንጋይ፣ ገለባ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ደለል ተጠቅጥቆ እንደ ግንብ ጠንክሯል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ መንገዱን ዘሎ ማዶውን ቦርቡሮታል። በእኔ ስሌት ውስጥ ገለባ የለም። ከዚያ የባሰው ሌላ ነው፤ ሰው ገብቶ የሚቆምበት ቦታ የለም። ዶማውን ባነሡ ቁጥር የሽማግሌው ክንድ ከግራና ከቀኝ ግንቡን ይመታል፤ ክርናቸው ተልጦ ይደማ ነበር። ያንን የጠበበ አፍ እኔ ደጋግሜ ሥዬዋለሁ፤ ግንብ ስለሚቆጥብ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተጋገዝን። በመጨረሻ እሳቸው ረጅም እንጨት አስገብተው ሲነቀንቁ፣ ከመንገዱ ሥር እንደ ሆድ ጩኸት ያለ ድምፅ ተሰማና ውሃው ተስቦ ገባ፤ በማዶው አፍ ጠቁሮ ተደፋ። «እሰይ!» አሉ። እኔ መናገር አቃተኝ። በ13 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቨርት ሥራውን ሲሠራ አየሁ።

የተበላው የመንገድ ጠርዝ በድንጋይ እስኪሞላ ዝናቡ ስለደረሰ፣ ወደ ቤታቸው ይዘውኝ ገቡ። ዝተት ላይ ተቀምጠን፣ ባለቤታቸው ሽሮና ቆሎ አቅርበውልን፣ «ብላ እንጂ ልጄ» እየተባልኩ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝናቡ ሣር ክዳኑ ላይ ሲወርድ ሰማን። ጣሪያው ከጓሳ ሣር የተከደነ ነው፤ አንዲት ጠብታ አላስገባም። ስለ ጣሪያው ስጠይቃቸው ነው ቄሮ የሚባለውን የመንዝን የሣር ጥበቃ ሥርዓት ያነሡልኝ። ይህ ሣር የሚበቅልበትን የጓሳን ምድር የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሣሩ እንዲያገግም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ በተዘጋበት ዘመን ማንም አያጭድም፣ ከብትም አያሰማራም፤ ሲከፈት ለጣሪያ፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ሁሉም በሥርዓት ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ የቄሮን አስተዳደር ቢያፈርሰውም፣ ሕዝቡ በሌላ መልክ አደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። ሽማግሌው በልጅነታቸው አባታቸው ጓሳ ለመዝጋት ከተስማሙት ጋር እንደነበሩ አጫወቱኝ። «ታመው ነበር። ሲከፈት አላዩትም። እኛ አጨድነው» አሉ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ላይ ሐዘን አልነበረም።

በማግስቱ ጓሳ ወጣሁ፤ ሁለት ቀንም ቆየሁ። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሜዳና ጋራ ነው፤ ጅባራው በጉሙ ውስጥ እንደቆመ ሰው ይመስላል፤ ጭላዳዎች በዝናቡ ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥተው ተቃቅፈው ይቀመጣሉ፤ ካፊያው ሲያባራ ወዲያው ሣር መንጨት ይጀምራሉ። ቀይ ቀበሮ አንድ ጊዜ ከሩቅ አየሁ። አንዱን የጓሳ ጉቶ በእጄ ገልጬ ሥሩን ዳሰስኩ። ላይ ላዩ ረስርሶ ውስጡ ደረቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዝናቡ በቅጠሉ እየተንሸራተተ ጎርፍ ሳይሆን ዝም ብሎ መሬት ይገባል። ከዚያ ሁሉ ዝናብ በኋላ ከሥሩ ያሉት ምንጮች የሚያፈሱት ውሃ የጠራ ነበር። የታላቄ ካርቶኖች ትዝ ያሉኝ እዚያ ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ ያለቀሰው ልቤ፣ ሥራውን በወረቀቱ ክብደት መለካቱ ስሕተት እንደነበረ ተቀበልኩ፤ እሱ የሠራቸው ከልቨርቶች በዚያች ሰዓት በየተራራው ሥር ውሃ እያሳለፉ ነበር፤ ወይም ሰው እንዲያጸዳቸው እየጠበቁ።

ከመንዝ ስመለስ፣ ወደ ቤቴ ከመዞሬ በፊት፣ በጣርማ በር ዋሻ አልፌ፣ በተነገረኝ ማርሽ ወደ ደብረ ሲና ወረድኩ። በዚያ አካባቢ በ1998 ዓ.ም. መባቻ፣ ክረምቱ ሲያልቅ፣ ውሃ የጠገበው ተዳፋት ተንሸራትቶ ብዙ ገበሬዎችን ከቤትና ከእርሻ አፈናቅሏል፤ ጠባሳውን ከመንገዱ ላይ ሆኜ ለማየት ሞከርኩ፤ ጉሙ ግን አልፈቀደም። ከሸዋ ሮቢት ወደ አንዲት መንደር ስገባ አንድ ጅረት ሞልቶ አገኘሁት። ሦስት አይሱዙዎችና አንድ ሚኒባስ ቆመዋል፤ ሰዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው በቆሎ ይበላሉ። አንድ ወጣት ሾፌር ሞተር አስነሥቶ ሊገባ ሲል ሽማግሌዎች ጮኸው አስቆሙት። እኔም ተቀመጥኩ። ድሮ ቢሆን ሰዓቴን አይ ነበር። ድንጋይ አንሥቼ ውሃው ጠርዝ ላይ አኖርኩና ሲጎድል ተመለከትኩ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ድንጋዩ ከውሃው ሁለት ክንድ ርቆ ነበር።

ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ ልጆች ችቦ ሲያበሩ፣ ቤቴ ደረስኩ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ፊርማ የሚጠብቅ ሥዕል ነበር። ከልቨርቱ አፍ ፊት ለፊት ደለል የሚያርፍበት ጉድጓድ ጨመርኩ፤ ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉትን ክንፍ ግንቦችም ወደ ውጭ ከፈትኳቸው። ስፋቱን ለመወሰን መጽሐፍ አላገላበጥኩም፤ ያን ቀን እኔና እኚያ አባት የቆምንበትን አስቤ፣ ሁለት ሰዎች ክርናቸው ግንብ ሳይነካ ዶማና አካፋ አንሥተው እንዲሠሩበት አድርጌ ሣልኩት።