ባለቤት የሌለው ክሎክ

ጣና ዳር ለሚተከለው የውሃ ከፍታ መለኪያ የምንሠራው ቦርድ ሲነሳ፣ መልእክቶቹን በምናይበት ሲሪያል ላይ መጨረሻ የሚወጣው መስመር ‹ክሎክ፦ ዲሰብሊንግ አንዩዝድ ክሎክስ› (ማንም የማይጠቀምባቸውን ክሎኮች እያጠፋሁ ነው) የሚለው ነበር። ከዚያ ዝም። ፓኒክ የለ፣ ኤረር የለ፣ ኪቦርድ ብትደበድብ መልስ የለ።

ሊኑክስ ከ3.4 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ የቺፑን ክሎኮች፣ ማለትም እያንዳንዱን ክፍል የሚያስኬዱትን ምቶች፣ የሚይዝበት የጋራ ማዕቀፍ አለው። ድራይቨር (አንድን ዕቃ የሚያሠራ ኮድ) ክሎክ ሲያበራ የክሎኩ ተጠቃሚ ቆጠራ ይጨምራል፣ ሲያጠፋ ይቀንሳል። ቡት ሊያልቅ ሲል ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ይዞርና ዩ-ቡት (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አብርቶ የተዋቸውን፣ ግን ቆጠራቸው ዜሮ የሆነውን ያጠፋል። ሰው የለበትም ብሎ መብራት የሚያጠፋ አከራይ በሉት። የእኛ አከራይ ያጠፋው ሜሞሪው ጋ የሚያደርሰውን የባስ (የቺፑ የውስጥ መንገድ) ክሎክ ነው። ድራይቨር ስለሌለው ‹የኔ ነው› የሚል አልነበረም፤ ኮዱን የሰጠን የቺፕ ሻጭም ምንም አላለም።

‹ሲኤልኬ ኢግኖር አንዩዝድ› (ያልተያዙትን አታጥፋ) የሚለውን አማራጭ ከርነሉ ሲነሳ በሚያነበው ቡት መስመር ላይ ስንጨምር ቦርዱ ተነሳ። ከፖሊ ተመርቃ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደስ አላት፦

«ጋሼ፣ ሠራ እኮ! በዚሁ እንተወው።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ንባብ ይውሰድ።»

ሴንሰሩ አነበበ፣ ቦርዱ እዚያው ደረቀ። ያ አማራጭ የሚያስቀረው የመጨረሻውን ዙር ጠረጋ ብቻ ነዋ። የሴንሰሩ አይቱሲ (ከቺፑ ጋር የሚነጋገርበት መስመር) ክሎክ የዚያው የባስ ክሎክ ልጅ ነው፣ ማለትም ከእሱ የሚወጣ፤ ድራይቨሩ ሲያበራው የወላጁ ቆጠራ አንድ ሆነ፣ ሲያጠፋው ዜሮ፤ ወላጁም አብሮ ጠፋ። ደግሞም በትንሽ ሶላር የሚሠራ ሳጥን ላይ ቺፑ ያለውን ሁሉ አብርቶ ማደር፣ በሐምሌ ደመና፣ ቀልድ ነው። ሳጥኑ የሚተከለው ፎገራ በኩል ነው፤ ክረምት ሜዳው ውሃ ሲተኛበት ቦርድ ልታስነሳ ከባሕር ዳር ሂድ ቢሉህ ይገባሃል።

ከሊኑክስ 4.7 (እ.ኤ.አ. 2016) ጀምሮ ያለው ‹ክሪቲካል› (መጥፋት የሌለበት) ፍላግ፣ ክሎኩ ላይ የሚደረግ ምልክት፣ ግን ሌላ ነው። ክሎኩ ሲመዘገብ ማዕቀፉ ራሱ ያበራዋል፤ የእሱም የወላጆቹም ቆጠራ ስለሚጨምር ማንም ድራይቨር አጥፍቶ ዜሮ አያደርሰውም። የትኛው ላይ እንደሚደረግ ለማወቅ ዲበግኤፍኤስ (ከርነሉ ለምርመራ የሚያሳያቸው ፋይሎች) ውስጥ ያለውን የክሎኮች ዝርዝር፣ ‹ክሎክ ሰመሪ›ን፣ ከፍተን፣ ቆጠራቸው ዜሮ ሆኖ ሃርድዌሩ ላይ የበሩትን አየን። ካሜራ፣ ኤችዲኤምአይ፣ የሌለን ዕቃ ሁሉ በርቷል። ከመካከላቸው የባሱ ክሎክ ብቻ ፍላጉን አገኘ።

ልጅቷ የዩአርቱንም (ሲሪያሉን የሚያሠራው የቺፑ ክፍል) እንጨምር ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ዩአርት ድራይቨር አለው፤ ክሎኩ ዲቫይስ ትሪው (የቦርዱን ዕቃዎች ለከርነሉ የሚዘረዝር ፋይል) ላይ በትክክል ከተጻፈ ድራይቨሩ ራሱ ይይዘዋል። ባለቤት ላለው ክሎክ ‹ክሪቲካል› ማለት፣ ለእኔ፣ ስንፍናን መሸፈን ነው። እሷ አልተስማማችም፤ ዲቫይስ ትሪውን ግን አስተካክላ፣ ኮዱ ውስጥ ከባሱ ፍላግ መስመር በላይ ፍላጉ ለምን እንደተደረገ ሦስት መስመር ኮሜንት ጽፋበታለች።