የማላየውን አየልኝ

ጌታ ያደረገልኝን ልመስክር። ስሙ የተባረከ ይሁን።

ገደል መውጣት እወዳለሁ፤ በተለይ ባሕሩ አፋፍ ላይ የቆመውን የኖራ ድንጋይ። ገመዴን ከማሰሬ በፊት ሁልጊዜ የምጸልያት አጭር ጸሎት አለችኝ፦ «ጌታ ሆይ፣ እኔ የማላየውን አንተ እይልኝ።» ታይላንድ፣ ራይላይ ላይም ያን ጠዋት ይህችኑ ጸልዬ ተነሣሁ።

ድንጋዩ ላይ በየጥቂት ሜትሩ ብሎን ተተክሏል። እየወጣችሁ ገመዳችሁን እዚያ ላይ ታያይዛላችሁ፤ ብትወድቁ የሚይዛችሁ እሱ ነው። አምስተኛው ብሎን የማይዝግ ብረት ነበር። ያብረቀርቃል። ምንም አልጠረጠርኩም፤ አያይዤ አለፍኩት። ከእሱ 2 ሜትር ያህል ከፍ እንዳልኩ ላብ ያራሰው እጄ ሾለከ።

ያን ድምፅ አልረሳውም። ቀጭን «ጧ!» ገመዱ ሊይዘኝ ጀምሮ ለቀቀኝ። «ጌታ ሆይ!» ከማለት ሌላ ጊዜ አልነበረኝም። ከዚያ ገመዱ ድንገት ተወጠረ፣ ትከሻዬ ከድንጋዩ ጋር ተላተመ፣ ቆምኩ። 10 ሜትር ገደማ ወድቄያለሁ። ከትከሻዬ መላላጥ በቀር ምንም አልሆንኩም።

የተሰበረው የብሎን ራስ፣ ገመዱን ከብሎኑ ጋር ከሚያያይዘው የብረት ማያያዣ (ካራቢነር) ጋር፣ በገመዱ ተንሸራትቶ ሆዴ ላይ አረፈ። አገላብጬ አየሁት። ከውጭ አዲስ ይመስላል። የተሰበረበት ፊት ግን ጠቁሯል፤ ነጣ ብላ የምታበራው የጥፍር ጫፍ የምታህል ቦታ ብቻ ናት። ለካ በእሷ ብቻ ነበር ተይዞ የቆየው! የባሕር ጨው፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያግዙት፣ የማይዝገውን ብረት እንዲህ ውስጥ ውስጡን ይሰነጥቀዋል። ከላይ ዝገት ላይታይ ይችላል። እንኳን እኔ፣ ዕድሜውን በገደል ላይ የጨረሰም በዓይኑ አይለየውም።

የያዘኝ አራተኛው ብሎን ነው፤ እሱ ቲታኒየም ከሚባል ሌላ ብረት የተሠራ ነው፤ በማጣበቂያ ድንጋዩ ውስጥ የተተከለ። ቲታኒየምን የባሕር ጨው እንዲህ አያደርገውም። በዚያ አካባቢ አሮጌዎቹ ቀስ በቀስ በእሱ እየተተኩ ነው። በእኔ መስመር አራተኛው ተቀይሮ ነበር፤ አምስተኛው ገና ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እኔ የጸለይኩት ያን ጠዋት ነው። ብሎኑ ግን ቀድሞ ተተክሎልኛል። አንድ ሰው በዚያ ፀሐይ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ድንጋዩን በስቶ፣ ማጣበቂያ ሞልቶ፣ ወርዶ ሄዷል። ስሙን አላውቅም። ጌታ ያውቀዋል፤ እጆቹን ይባርክልኝ።