ሰው ሲፈስክ ጉድጓድ ያስጾምኩበት ፋሲካ

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነው። ጓሮ ባዮጋዝ፣ ማለትም እበት እያብላላ የማብሰያ ጋዝ የሚሰጥ ጉድጓድ፣ ያስገነባሁት እናቴን ከኩበት ጭስ ላሳርፍ ብዬ ነበር። 6 ሜትር ኩብ ነው፤ ከመሬት በታች፣ በድንጋይና በሲሚንቶ። አራት ላሞች ስላሉን እበት አይቸግርም። እበቱን ከእኩል ውሃ ጋር በጥብጦ ማስገባት ነው። የቀረውን አየር የማይወዱ ረቂቅ ተሕዋስያን ይጨርሱታል።

የመጀመሪያው ጋዝ አልነድም አለኝ። ግንበኛውን ልጨቀጭቅ ስነሳ፣ ለካ መጀመሪያ የሚወጣው አየርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛበታል። ማስተንፈስና መጠበቅ ብቻ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሰማያዊ ነበልባል አየን። እናቴ እልል አለች።

ጥጋቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ጠላ ትጠምቃለች፤ ለፋሲካ አተላው ተትረፈረፈ። "ቆሻሻ መብላቱ ካልቀረ ሁሉንም ይብላ" ብዬ በቀን ሁለት ባልዲ አተላ ከድንች ልጣጭ ጋር እገለብጥበት ጀመር። ሁለት ቀን እሳቱ ፏ አለ። በሳምንቱ ሻይ እንኳ ማፍላት አቃተው። ወደ መግቢያው ስጠጋ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ።

"አንተ፣ ላሚቱ አተላ ሲበዛባት ምንድን ነው የምትሆነው?" አለችኝ እናቴ።

ሆዷ ይነፋል፤ መብላት ታቆማለች። የጉድጓዱም ሕመም ያው ነበር። ምግቡን ወደ አሲድ የሚቀይሩት ተሕዋስያን ፈጣን ናቸው። ከዚያ የሚነደውን ጋዝ፣ ሜቴንን፣ የሚሠሩት ግን ቀርፋፋ ናቸው። አተላና ልጣጭ ቶሎ ስለሚብላላ አሲዱ ይከማችና ቀርፋፋዎቹን ያዳክማቸዋል። መድኃኒቱ ጾም ነው። ሰው በሚፈስክበት ሰሞን እኔ ሁለት ሳምንት ጉድጓድ አስጾምኩ። ከዚያ ትኩስ እበት በትንሽ በትንሹ። እስኪያገግም ከወር በላይ ፈጀ። አሁን አተላ የማስገባው ከአንድ ባልዲ እበት ጋር አንድ ጣሳ ብቻ ነው። በረኪናና የሳሙና እጣቢ ደግሞ ጭራሽ ዝር አይልም።

ክረምቱ ሌላ ጣጣ ነው። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ተሕዋስያኑ የሚመቻቸው ግን 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐምሌ ላይ ጋዙ ከቡና አያልፍም። ፀሐይ ብልጭ ስትል ውሃውን በጀሪካን አሙቄ እበጠብጥበታለሁ፤ ትንሽ ይረዳል።

እንጀራው ዛሬም በእንጨት ነው። የእኛ ምድጃ ለሰፊው ምጣድ አቅም የለውም። እናቴ ይህን በየጊዜው ታነሳብኛለች። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ዝቃጭ ግን ለማንም አታካፍልም፤ ሙሉውን ጌሾዋ ሥር ነው የምታፈሰው።